መኪያን በአንድ ጀንበር አሥራ ስድስት ዓመት ስላስገቧት የቀረበ ምስጋና

ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. (በእኛው አቆጣጠር)

ለክቡር አቶ ይገዙ
የሦስቱ ከተሞች ታዳጊዎች ስፖርት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሰበታ

ግልባጭ፦ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚገኙ ወላጆችና ማንበብ ለማይሰለቸው ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ ጉልበትዎም የቢሮዎን ደረጃ ሲወጡ ቋ የማይል እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የጉልበትን ነገር ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አለመሆኑን ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይረዱልኛል።

እኔ ኪዳነወልድ እባላለሁ። አገሬ ደላንታ ሲሆን፣ ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ወጥቼ አሁን ፉሪ በሚገኘው የኦቦ ጂሬኛ መጋዘን ጫኝና አውራጅ ነኝ። የገና ዱላ ይዤ ያደግሁ መሆኔን በስብሰባ ላይ አንድ ጊዜ ብናገር፣ እርስዎ በዚያው ቅጽበት የሕፃናት የሆኪ ግብ ጠባቂዎች አሠልጣኝ አድርገው ስለሾሙኝ እስከ ዛሬ ድንጋጤዬ አልለቀቀኝም። ሆኪ የውጭ አገር ሰዎች በበረዶ ላይ በዱላ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። እኛ በረዶን የምናውቀው በሐምሌ ቆርቆሮ ሲደበድብ ብቻ በመሆኑ፣ ልጆቹ ባለ ጎማ ጫማ አድርገው በመጋዘኑ ባዶ ወለል ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወታሉ። ስለዚህም የውጭ ለጋሾች ከላኩልን የጨዋታ ዕቃ ጋር የመጣውና ታዳጊ ግብ ጠባቂዎች ከበረዶ ውጭ በየዕድሜያቸው እንዴት እንደሚለማመዱ የሚያስረዳው መመሪያ፣ በራሳችን ልክ የተሰፋ ቆብ ሆኖልን ነበር።

መመሪያው ከዘጠኝ ዓመት በታች ላሉት የሚያዘው ኳስ ከግድግዳ እያነጠሩ መቅለብን፣ ገመድ መዝለልን፣ አባሮሽን፣ ሲደክማቸውም ማረፍን ነው። ክብደት ተሸክሞ ዳገት መሮጥን የሚያነሳው ለአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሶች ሲሆን፣ ለእነርሱም ቢሆን በጥንቃቄ ይላል። ከዚህ በኋላ ጽሕፈት ቤትዎ ለዋለልን ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የልጆቹ የልደት ዘመን በእኛ አቆጣጠር ተመዝግቦ ሳለ፣ ባለሙያዎ የዘንድሮውን ዓመት ከኮምፒውተራቸው ላይ እንደ ፈረንጆቹ በመውሰድ ከ2025 ላይ 2009ን ቀንሰው ከሰባቱ ሕፃናት ግብ ጠባቂዎቼ አንዷን፣ መኪያን፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ኮረዳ ስላደረጉልን እናመሰግናለን። መኪያ ስምንት ዓመቷ ነው። ማቲም በዚሁ ስሌት የወተት ጥርሱን በዚህ ሳምንት የነቀለ የአሥራ አራት ዓመት ጎረምሳ ሆኗል። እኔ መቀነስ የተማርኩት ሁለተኛ ክፍል ሲሆን፣ መምህራችን ፍየል ከበግ አይቀነስም ይሉን ነበር፤ ምናልባት ከአራተኛ ክፍል በላይ ሲደርሱ ይቀነስ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። መኪያ ግን ዝም አላለችም። አባቷ አቶ ሰልማን አሥራ ስድስት ስትሞላ ስልክ እንደሚገዙላት ቃል ገብተውላት ስለነበር፣ ማኅተም ያለበትን የስም ዝርዝር ይዛ ሄዳ ስልኬን አምጣ ብላቸዋለች። እኔም በዚሁ ሒሳብ ከሃያ ሦስት ወደ ሠላሳ አንድ ዓመት ስለገባሁ፣ እስካሁን ያላገባሁበትን ምክንያት ለእናቴ በስልክ የሚያስረዳልኝ ሰው ጽሕፈት ቤትዎ ቢመድብልኝ ደስታዬን አልችለውም።

2ኛ. በዚሁ ዕድሜ መሠረት ለእያንዳንዱ ልጅ ሃያ ኪሎ አሸዋ በጆንያ ተሸክሞ የፉሪን ዳገት በሩጫ እንዲወጣ፣ ያልወጣም ከዝርዝር ተሰርዞ ሱሉልታ ከሚደረገው የሦስቱ ከተሞች ግጥሚያ እንዲቀር በማዘዝዎ እናመሰግናለን። መኪያ ራሷ ሃያ ሁለት ኪሎ ናት። እርሷና ጆንያው ጎን ለጎን ቢቆሙ ማን ማንን ይዞ እንደሚወጣ ለመወሰን ኮሚቴ ያስፈልጋል።

3ኛ. ያለፈው ቅዳሜ ትእዛዝዎ ተፈጽሟል። መኪያ ጆንያዋን አዝላ ሦስተኛው ባሕር ዛፍ ድረስ ወጣች። ከዚያ ቁጭ አለች፤ ስትነሳም ግራ እግሯን እየጎተተች ነበር፤ ስጠይቃት አልታመምኩም አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ያቺን ቃል አውቃታለሁ። በአሥራ አንድ ዓመቴ የመጀመሪያውን የጨው ጆንያ ስሸከም እኔም እንዳያባርሩኝ አልታመምኩም ብያለሁ፤ ዛሬ ቁልቁለት የምወርደው በጎኔ ነው። ይህን አንቀጽ በቀልድ ልጽፈው ብሞክር እምቢ አለኝ፤ ይቅርታ።

4ኛ. ስለዚህ ልጆቹን ጥላ ሥር አስቀምጬ ሰባቱንም ጆንያ በሰባት ምልልስ እኔው አወጣኋቸው። ማቲ ከታች ሆኖ ይቆጥርልኝ ነበር፤ ስድስተኛው ላይ ጋሼ፣ የኔን ዝለለው፣ እኔ ገና ትንሽ ነኝ አለኝ። የሪፖርት ቅጽዎ ስንት ኪሎ ወጣ ብሎ እንጂ በማን ጀርባ ወጣ ብሎ ስለማይጠይቅ፣ 140 ኪሎ፣ አፈጻጸም መቶ በመቶ ብዬ ሞላሁ። አንድም ሐሰት የለበትም። እርስዎም በሁለተኛው ቀን የምስጋና ደብዳቤ ላኩልኝ። በሕይወቴ የተጻፈልኝ የመጀመሪያ ደብዳቤ በመሆኑ ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁበት።

5ኛ. በማግስቱ ግን ሌላ ደብዳቤ መጣ። ሕፃናቱ ያሳዩትን የላቀ ውጤት መነሻ በማድረግ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ሸክሙ ወደ ሠላሳ ኪሎ ከፍ እንዲል፣ በቦታውም ተቆጣጣሪ እንዲገኝ ወስነዋል። ከመኪያ ስምንት ኪሎ የሚበልጥ ጆንያ መሆኑ ነው። ልጆቹን አዳንኩ ብዬ የሠራሁት ተንኮል ዞሮ በእነርሱ ጀርባ ላይ ወጣ፤ ተቆጣጣሪ ቆሞ እያየ ደግሞ ልሸከምላቸው አልችልም። ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩ።

ስጽፍም ፈርቻለሁ። ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ኦቦ ጂሬኛ ስጨነቅ አይተው፣ ኪዳኔ፣ ሹም ላይ ከምትጽፍ ሁለት መቶ አሥሩንም ኪሎ ብትሸከም ይቀልሃል አሉኝ፤ ይህን ብለው ሲያበቁ እስክሪብቶ ያዋሱኝም እርሳቸው ናቸው።

የምለምነው ጥቂት ነው። የእኛ ዓመት ከእኛ ዓመት ላይ ተቀንሶ የልጆቹ ትክክለኛ ዕድሜ ይጻፍ፤ ጆንያው ይቅርና ወደ ኳሳቸው፣ ወደ ገመዳቸውና ወደ አባሮሻቸው ይመለሱ፤ የመኪያም ስም ሳይሰረዝ ጉልበቷ በሐኪም ይታይ። ለሐሰተኛው መቶ በመቶ ቅጣት ካለ እኔ ብቻ ልቀጣ፤ ያው ሸክም ለምጃለሁ። የምስጋና ደብዳቤውንም ከዚህ ጋር አያይዤ መልሻለሁ፤ ትንሽ ቢጨማደድ ትራሱ ነው።

ከወገብ በላይ በአክብሮት፣ ከወገብ በታች በጉልበት ሕመም ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የሹመትዎ ፍሬ
ኪዳነወልድ፣ ከፉሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ወር ሃምሳ አምስተኛ ዓመት ልደትዎን በጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ሲያከብሩ ወንበር ያመላለስኩት እኔ ነበርኩ፤ በኬኩም ላይ 1962 የሚለውን አንብቤያለሁ። በጽሕፈት ቤትዎ ስሌት 1962 ከ2025 ላይ ሲቀነስ ስልሳ ሦስት ስለሚሆን፣ ጡረታ ከወጡ ድፍን ሦስት ዓመት አልፎዎታል ማለት ነው። ይህን ከዚህ ደብዳቤ አንባቢዎች በቀር ለማንም አልተናገርኩም፤ እስከ ቅዳሜ የመኪያ ዕድሜ ከተስተካከለ የእርስዎም አብሮ ይስተካከላል በሚል ተስፋ።