በሦስተኛው መድረክ ሥር የነበረው መቃብር፦ የታካናሴ ጣቢያ አለቃ የታይጂ ኦሪሃራ ሕይወት

የአቶ ታይጂ ኦሪሃራ አጽም የት ያርፍ ይሆን? ለለቀስተኛ የሚነበብ ታሪክ በጥያቄ እንደማይጀመር አውቃለሁ። ይህን ሳላውቅ ግን ሌላውን ሁሉ እንደማውቅ ሆኜ ማንበብ አልቻልኩም። በደንባችን አስከሬኑ ይቃጠልና አጽሙ ሰውየው በሞተ በአርባ ዘጠነኛው ቀን ከቤተሰቡ መቃብር ይገባል። መቃብሩን የሚያስከፍተው የቤቱ ታላቅ ልጅ ነው። የአባቴ የአቶ ታይጂ ታላቅ ወንድም አቶ ሶኢቺ ከእሳቸው ጋር ከተነጋገሩ ደግሞ ሃምሳ ሦስት ዓመት አልፏል።

አቶ ታይጂ ከአባታቸው ከአቶ ማታኪቺ ኦሪሃራና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኪኑ፣ ከቶኪዮ በስተምዕራብ በታካናሴ መንደር እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 1939 ተወለዱ። ጣቢያው ያን ጊዜ አንድ ነጠላ ሐዲድ፣ አንድ የእንጨት መድረክና የመንደሩ ሐር የሚጫንበት መጋዘን ብቻ ነበር። አባታቸው በጦርነቱ ሞቱ። አምስት ዓመት የሚበልጧቸው አቶ ሶኢቺ ትምህርታቸውን በአሥራ ሦስት ዓመታቸው አቋርጠው የሐር ትል እያረቡ ታናሽየውን አስተማሩ። እናታቸው በ1951 ሲያርፉ ከጣቢያው ጀርባ ባለው የመንደሩ መካነ መቃብር ጉድጓዱን የቆፈሩት ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው።

አቶ ታይጂ በ1954 ትምህርታቸውን ጨርሰው እዚያው ጣቢያ የተሳፋሪውን ቲኬት በር ላይ እየበሱ በማሳለፍ፣ በቲኬት በሺነት ተቀጠሩ። በ1966 በመድረኩ ላይ ትኩስ ኑድል ይሸጡ ከነበሩት ከወይዘሮ ፉሚኤ ጋር ትዳር መሠረቱ፤ በ1969 እኔን፣ አንድ ልጃቸውን ቺሳቶን ወለዱ።

በዚያው ዓመት ኩባንያው አዲስ ወደሚሠራው የመኖሪያ ከተማ የሚሄድ ሁለተኛ መስመር ታካናሴ ላይ ከነባሩ እንዲገናኝ ወሰነ። ተሳፋሪው ከአንዱ ባቡር ወርዶ ወደ ሌላው የሚሳፈርበት ሦስተኛው መድረክ የሚያርፈው በመካነ መቃብሩ ላይ ነበር። አርባ ሦስት ቤተሰብ ሙታኑን ለማንሳት ፈቅዶ፣ በአገራችን እንደ ፊርማ በሚያገለግለው በቤቱ ማኅተም ማተም ነበረበት። መንደሩ የሚያውቀው ሰው ስለተፈለገ አቶ ታይጂ ተላኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ በየቤቱ እየተንበረከኩ አርባ ሁለቱን አሳተሙ። የቀረው የገዛ ወንድማቸው ቤት ነበር።

«ሐዲድ መታጠፍ ያውቃል» አሏቸው አቶ ሶኢቺ። «እናታችን ግን ተኝተዋል።»

«ጋሼ፣ ሐዲድ ሲታጠፍ ባቡር ይዘገያል።»

«ይዘግያ! አንተ መቼ ነው ለእናትህ የቸኮልከው?»

ከዚያ የሆነውን አባቴ የነገሩኝ በመጨረሻው ዓመታቸው ሆስፒታል ተኝተው ነው። በማርች 1971 አንድ ቀን፣ ወንድማቸው ሐር ለማስረከብ ከተማ መሄዳቸውን አይተው ወደ ወንድማቸው ቤት ሄዱ። የወንድማቸው ሚስት እናታቸውን ሊያስቡ የመጡ መስሏቸው ቤት ውስጥ ካለው የሙታን መታሰቢያ ፊት የመቀመጫ ትራስ ዘረጉላቸው፤ ሻይ ሊያፈሉም ወደ ጓዳ ገቡ። የቤቱ ማኅተም ከመታሰቢያው ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ነበር። አቶ ታይጂ አወጡት፣ ወረቀቱ ላይ አተሙ፣ ጠርገው መለሱት። ሻዩንም ጠጡ። «ትኩስ ነበር» አሉኝ፤ ለምን ይህን እንደጨመሩ አላውቅም።

በኤፕሪል መቃብሩ ተከፈተ። የእናታቸው አጽም ተቃጥሎ ወደ ማሰሮው ሲገባ፣ በደንባችን እያንዳንዱን አጥንት ሁለት ሰው በየቾፕስቲኩ፣ በጥንድ ቀጫጭን እንጨት፣ በአንድነት ያነሳል። አቶ ታይጂ ቾፕስቲካቸውን ይዘው ቀረቡ። አቶ ሶኢቺ «ከዚህ ሰው ጋር አላነሳም» ብለው ሥርዓቱን ከሚመራው መነኩሴ ጋር አነሱ። ከዚያ ወደ ወንድማቸው ዞረው፣ እናቴ ቆማ እየሰማች፣ «ብከስህ ትታሰራለህ። ዝም ካልኩህ ግን ሥራህ አብሮህ ይኖራል» አሏቸው። አልከሰሱም። በዓመቱ መሬታቸውን ለቀው የእናታቸውን አጽም ይዘው ወደ ኒጋታ ሄዱ፤ የቤተሰቡም መቃብር ዛሬ ያለው እዚያ ነው።

አዲሱ መስመር በ1973 ሲከፈት በሦስተኛው መድረክ የመጀመሪያውን ፊሽካ የነፉት አቶ ታይጂ ናቸው። በ1978 መድረኮቹን የሚያገናኘው ድልድይ፣ በ1984 ከጣቢያው በላይ ባለ አምስት ፎቅ የገበያ አዳራሽ ተሠራ። በ1991 የጣቢያው አለቃ ሆኑ። ቲኬት በሺዎቹን ያስቀረው መሣሪያ በ1997 ሲገባ የሥራ ጓዶቻቸውን አንድ በአንድ አሰናበቱ። በ1999 ጡረታ ሲወጡ በቀን ዘጠና ሺህ ሰው በታካናሴ ባቡር ይቀይር ነበር።

የባቡር ሠራተኛ ሐዲዱ ነጻ መሆኑን በጣቱ እያመለከተ ጮክ ብሎ ይናገራል። አባቴ በሌሎቹ መድረኮች ድምፃቸው እስከ ገበያው ይሰማ ነበር፤ በሦስተኛው ላይ ግን በሹክሹክታ ነበር። ምክትላቸው አቶ ሃንዛዋ «አለቃ፣ እዚህ ሕፃን ተኝቷል እንዴ?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ይህን ትናንት ሲነግሩኝ አለቀሱ።

እኔ ስኮትላንድ ዘጠኝ ዓመት ተምሬ ስመለስ፣ የአጽም ነገር ድሮ ቀርቷል፣ ባሕር ላይ ቢበተንስ እል ነበር። ሆስፒታል ሆነው ከነገሩኝ በኋላም፣ ዘጠና ሺህ ሰው ቤቱ የሚደርሰው በዚያ ወረቀት አይደለም ወይ ብዬ ለአባቴ ተከራክሬላቸዋለሁ። ደጋግሜ ብናገረውም አንድም ቀን አላጽናናቸውም። አሁን እኔም ማመኔን እጠራጠራለሁ።

አቶ ታይጂ በ2022 የሆድ ዕቃ ካንሰር ታመሙ። ለወንድማቸው ሦስት ጊዜ ጽፈው ሦስቱም ደብዳቤ ሳይከፈት ተመለሰ። በ2024 ኦክቶበር መጨረሻ ላይ «እናቴ አጠገብ አግቢኝ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ጋሼ ካልፈቀዱ ግን እንዳታደርጊው። እንዳትለምኛቸው፤ ጠይቂያቸው ብቻ» አሉ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2024፣ ረፋዱ ላይ፣ በተወለዱ በሰማንያ አምስት ዓመታቸው አረፉ።

ከኋላቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ፉሚኤ፣ እኔ ልጃቸው፣ አንዲት የልጅ ልጅና የዘጠና ዓመቱ ታላቅ ወንድማቸው አቶ ሶኢቺ ቀርተዋል። አቶ ታይጂ የሚሄዱበት መንገድ ይቅናቸው፤ በደረሱበትም ተቀባይ አይጡ።

ትናንት ጠዋት ኒጋታ ላለው ለአቶ ሶኢቺ ልጅ፣ ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው፣ በስልክ ይህን ላክሁ፦ «አጎቴ፣ ታይጂ አርፈዋል። ማኅተሙን ማተማቸውን ነግረውኛል። እናታቸው አጠገብ እንዲገቡ ይፈቅዳሉ? እምቢ ካሉም ቃልዎን እናከብራለን። ቺሳቶ።» ከሰዓት በኋላ መልእክቱ መነበቡን ስልኩ አሳየኝ። ይህን ታሪክ ለኅትመት እስካስረከብኩበት እስከ ዛሬ ረፋድ ድረስ መልስ አልመጣም።