ምንም አይዘጋ

ጥቅምት 6፣ ጠዋት

…እናቴ በሆስፒታሉ ማዋለጃ በር ክፍተት ጣቷን አስገብታ ነበር፣ ዘበኛው ግን አንዴ ብቻ አያትና… ይበቃል። ቡራዩ ስንኖር ነው። የመጀመሪያ ልጄ። በሩ ተዘጋ፤ ሲከፈት ልጁ የለም። እጄን የያዘ ሰው አልነበረም። ማስታወሻዬ፣ ይህን ደጋግሜ እጀምርልሃለሁ፣ አልጨርሰውም።

ሱሉልታ ዛሬ ጉም ነው። ወተት አፈላሁ፣ ገነፈለ። የመውለጃዬ ወር ገብቷል። ቤት እወልዳለሁ። ተወስኗል።

ጥቅምት 9

አዴ ጫልቱ መጡ። በጫንጮ መንገድ በኩል ያሉት አዋላጅ። ሆዴን ዳሰሱ። ከዚያ ቤቱን አዩ። ምጥ በገባበት ቤት ምንም አይዘጋም፣ ምንም አይታሰርም ይላሉ። ቁምሳጥኑ፣ ሻንጣው፣ የስኳሩ ጣሳ ሳይቀር ይከፈታል። ባለቤቴ ደረጀ ሳቀ። አንተም ቀበቶህን ትፈታለህ፣ ሱሪህን በእጅህ ይዘህ ትቆማለህ አሉት። መሳቁን አቆመ። እኔ ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ሲወጡ ጠየቅኋቸው፦ አይተዉኝም? አልተውሽም አሉ። ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ።

ጥቅምት 12፣ ከሰዓት

የደ. እህት ከሰበታ ደወለች። ሁለተኛውንም ልትቀብሪ ነው ወይ አለችኝ። ደ. ስልኩን ከእጄ ወስዶ ግቢ ወጣ። ተመለሰ። ምሳውን ግማሽ ተወው።

ልክ ትሆናለች። የሚያስፈራኝም ልክ መሆኗ ነው። ለእሷ ሆስፒታል ማለት ሐኪም ነው። ለእኔ በር ነው።

ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ጥቅምት 14

የጤና ጣቢያዋ ነርስ አዴ ጫልቱን አስጠንቅቃቸዋለች፤ ማዋለድ ቀርቷል፣ ይዘዋት ይምጡ ብላ። ራሳቸው ነገሩኝ። እሷንም የተቀበልኳት እኔ ነኝ፣ ያኔም እንዲሁ ጯሂ ነበረች አሉ። እየሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ይመጣሉ? ይመጣሉ። አይመጡም። ልጁ ሲገፋኝ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፣ ስለምኑ እንደሆነ አላውቅም።

ጥቅምት 17፣ ማለዳ

ደም። ምጥ የለም፣ ደም ብቻ።

ደ. ሮጦ አዴ ጫልቱን አመጣቸው። ሻንጣውን አልከፈቱም። ስለ ቀበቶ አላነሱም። አንዴ አዩኝና ባጃጅ ጥራ አሉት። ይኼ የእኔ እጅ ሥራ አይደለም።

ለመንኳቸው። ቃል ገብተውልኛል አልኩ።

ቤት ነው ወይ ያልኩሽ? አሉ። አልተውሽም ነው ያልኩሽ።

ጠላኋቸው። አንገታቸውን አቅፌ ባጃጁ ውስጥ ገባሁ።

ያው ቀን

ደብተሩ ቤት ቀርቷል። በስልኬ ነው የምጽፍልህ። ጤ/ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ላከን። ኮሪደር ላይ፣ አልጋ ላይ ነኝ። ደ. ከውጭ ነው፣ አላስገቡትም። ነርሷ አዴ ጫልቱንም እማማ፣ እዚህ ይጠብቁ አለቻቸው። እናቷ ነኝ አሉ። በአማርኛ፣ ከዚያ በኦሮምኛ፣ ከዚያ እንደገና በአማርኛ። ነርሷን ደከማት። ሐኪሙን ልጠይቅ ብላ ሄደች።

መቀነታቸውን ፈትተው አንዱን ጫፍ እጄ ላይ ጠመጠሙት። አልቋጠሩትም። ሌላው ጫፍ በእሳቸው እጅ ነው።

ልጁ ተንቀሳቀሰ። ወይም የእኔ ልብ ነው።

መጡ። ነርሶቹ አልጋውን እየገፉ ነው። መቀነቱ ተወጠረ። ዞሬ ማየት አልችልም። አዴ ጫልቱ አልኩ። ከኋላዬ በሩ ተዘጋ። መቀነቱ አልላላም