በሰው ፊት ይነበብልዎ

ውድ አቶ በቀጥታ፣

ይህን ቅጽል ስም ሠራተኛው ከኋላዎ እንዳወጣልዎ ያውቁ ስለነበር አይቆጡኝም ብዬ ነው በዚሁ የጠራሁዎ። ደብዳቤውን በራሴ ቋንቋ የጻፍኩትም ሆን ብዬ ነው። የእርስዎን ንግግር ስንት ዓመት ስተረጉም ኖሬ የለ? እስቲ ተራው ይድረስዎና እርስዎም አስተርጓሚ ይፈልጉ!

ከአዲሱ የልብስ ፋብሪካዎ ለቆረጣ ክፍል ኃላፊያችን፣ ለጋሼ መቀስ፣ የላኩለት ካፖርት ደርሷል። ምን እንዳለ ከመንገሬ በፊት ግን፣ ስንሰነባበት አፌ ላይ የቀረውን ልንገርዎ።

የመጀመሪያው ትልቅ ትዕዛዝ የመጣ ሰሞን ትዝ ይልዎታል? ካልተሳካ ቆረጣ ክፍሉ እንደሚዘጋ ሁላችንም እናውቅ ነበር። "በቀኑ ይደርሳል ወይ?" ብለው ሲጠይቁ ጋሼ መቀስ "ችግር የለም" አለ፤ የቀረነውም ራሳችንን ነቀነቅን። እኛ ዘንድ አለቃን ፊት ለፊት "አይሆንም" ማለት ያሳፍራል። እርስዎ ደግሞ የተነቀነቀውን ራስ ሁሉ እንደ ፊርማ ቆጠሩት።

ከዚያ የናሙናው ካፖርት የሚታይበት ቀን መጣ። የካፖርቱን እጅጌ ብድግ አድርገው፣ እኔን እንኳ ሳይጠብቁ፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ ከቋንቋችን በለመዷት ጥቂት ቃል "ይሄ ልክ አይደለም! እንደገና!" አሉ። እኔ ብተረጉመው ኖሮ ትንሽ ስኳር ጣል አደርግበት ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ጋሼ መቀስ መቀሱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ቃል ሳይተነፍስ ወጣ። ያን ወፍራም ሱፍ ደፍሮ የሚቆርጥ ሌላ ሰው አልነበረንም።

ቢሮዎ ገብቼ "ምን ነካዎት?" ስልዎ ከልብዎ ግራ ተጋብተው ነበር።

"እኛ አገር ስህተቱን በግልጽ የምንነግረው የምናከብረውን ሰው ነው። ተስፋ የቆረጥንበትን ዝም ብለን እናልፈዋለን" አሉኝ።

ክው አልኩ። "እኛ ዘንድ ደግሞ በሰው ፊት የሚነገረው ምስጋና ነው፤ ስህተት ለብቻ፣ በጆሮ ነው" ስልዎ፣ እርስዎም ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አሉ።

ከሥራ ስወጣ ጋሼ መቀስ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት።

"ቆይ፣ አዋረደኝ ሳይሆን አከበረኝ ነው የምትዪኝ?"

"አዎ ጋሼ።"

"አይ የሰው ነገር! ታዲያ እኔ ዝም ብዬው ስወጣ ምን መሰለው?"

"ተስፋ የቆረጡበት ነው የመሰላቸው።"

ጋሼ መቀስ አንገቱን ደፋ። ተሰናብቼው ወጣሁ።

በማግስቱ ያየሁትን ሳስበው እስከ ዛሬ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። እርስዎ በሩ ላይ ጠብቀው፣ ክንዱን ይዘው ወደ መተኮሻው ጥግ ወሰዱትና እጅጌውን እያሳዩ በሹክሹክታ አወሩት። ሳል እንኳ ሲስሉ ግቢው የሚሰማዎት ሰው፣ በሹክሹክታ! ጋሼ መቀስ በጨዋ ደንብ አዳምጦ ሲጨርስ ወደ አዳራሹ መሃል ወጣ። ያ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ጮኸ፦

"አንተ ሰውዬ፣ ተሳስተሃል! በዚህ ቀን አይደርስም! ችግር የለም ያልኩህ ላስደስትህ ብዬ ነው!"

የስፌት መኪናዎቹ ቆሙ። ሁላችንም አለቀልን ብለን ነበር። የእርስዎ ፊት ግን በራ፤ እጁን በሁለት እጅዎ ጨበጡት። መተርጎሙን ረሳሁት፣ የፈለገኝም አልነበረም። እርስዎ እንደ እኛ ሊያከብሩት፣ እሱ እንደ እናንተ ሊያከብርዎ፣ ሁለታችሁም ሌሊቱን ስትዘጋጁ አድራችሁ ኖሯል! የሰው ልጅ ይህን ያህል መንገድ ወደ ሌላው ሰው መሄድ ይችላል እንዴ? ብዬ ተደነቅኩ፣ ደስታውም አስለቀሰኝ። ኋላ ቃል በቃል ስተረጉምልዎ፣ ዕለቱኑ ለገዢዎቹ ደውለው ቀን አስጨመሩ። ክፍሉ ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

የላኩለትን ካፖርት ትናንት ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ እያየ ለበሰው። ዞር ዞር አለ፣ ኪሱን ዳሰሰ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ምስጋና ስንጠብቅ፣

"የግራው ኪስ ወርዷል!" አለ፣ አዳራሹን በሚሞላ ድምፅ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "እንዲሁ ጻፊለት፣ እንዳታለሳልሺው። ደግሞ በሠራተኞቹ ፊት ይነበብለት በይ።"

ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ካፖርቱንም ፀሐዩ አናት እየበሳ ይኸው እስካሁን አላወለቀውም።

አንዲት ማንኪያ ስኳር ያልጨመረችበት፣
አስተርጓሚዎ