ሲስተር ቬታ ጭምብሏን አላወለቀችም

ፖያና ሬቼ፣ ሩማንያ
ኤፕሪል 24 ቀን 2020

የሆዴ ልጅ ስማራንዳ፣

ክርስቶስ ተነሥቷል! ፋሲካው ቢያልፍም ሰላምታው አያልፍም። ቶሪኖ ውስጥ የምታስታምሚያቸው አሮጊት እንዴት ናቸው? ስልክሽን ባለማንሳቴ እንደተቀየምሽኝ አክስትሽ ነገረችኝ። ልጄ፣ ማውራት ስለሚያደክመኝ ነው፤ መጻፉ ይቀለኛል።

ስለ ቬታ የሚወራውን እንዳታምኚ። እዚያው ስለነበርኩ እኔው ልንገርሽ።

በሽታው የገባ ሰሞን የሆስፒታላችን ዳይሬክተር ዶክተር ፓንቴሊሞን፣ «ጭምብል አጥልቃችሁ በሽተኛ አታስፈራሩብኝ» አለን። ኋላ ላይ ግን ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ አንድ አንድ ጭምብል ታደለን። ጋዎን ስላልነበረ ቬታ ከጓሮዋ የቲማቲም መሸፈኛ ላስቲክ ቆርጣ ሰፋችልን። «እንግዲህ ቲማቲም ሆነናል፤ እስክንበስል እንጠብቅ» ብላ አሳቀችን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ እንዲህ ነበረች።

በማርች መጨረሻ፣ ሰኞ ጠዋት፣ አንድ ሽማግሌ በዚሁ በሽታ ሞቱብን። ልጃቸው ቶአደር የሚባል ግንድ ቆራጭ ነው። አስከሬኑ ታሽጎ እንደሚቀበር ሲነገረው የብረት ዘንግ ይዞ መጣ።

«አባቴን እንደ ቆሻሻ በላስቲክ ጠቀለላችሁት! ፊቱን አሳዩኝ!»

«ወንድሜ፣ አይቻልም። አንተም ትያዛለህ» አለችው ቬታ በሩን በጀርባዋ ደግፋ።

«ዞር በይ፣ ነፍሰ ገዳይ!»

የበሩን መስታወት አደቀቀው። ጭምብሏን ከነፀጉሯ ነጭቶ ጣለና ፊቷ ላይ ተፋባት። ደግሞ ያስል ነበር፤ ከአባቱ ጋር አንድ ቤት ነው የሚኖረው። ከዚያ ብረቱን ትከሻዋ ላይ አሳረፈው። አጥንቷ ሲሰበር ሰማሁት።

እናትሽ ምን እንዳደረገች ልንገርሽ? የእሳት ማጥፊያውን ከግድግዳ ነቅዬ ጀርባው ላይ አወረድኩበት። አንዴ አይደለም፤ ሦስቴ። መስታወቱ ስብርባሪ ላይ ወድቆ «አባዬ! አባዬ!» እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አልጸጸትም ብልሽ ውሸት ነው፤ ተጸጽቻለሁ ብልሽም ውሸት ነው።

ማንም ደፍሮ አልገባም። የቬታን ደም በእጄ አፍኜ፣ ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ አስደግፌ ግማሽ ሰዓት ቆየን። በስድስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። በስቅለት ዕለት እጄ ላይ አረፈች።

በፋሲካ ማግስት ዶክተሩ ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ነርሶች በምን ምክንያት እንደተያዙ የሚጠይቅ ቅጽ አለ። እጇን ታጥባ ነበር? ሻይ ክፍል ከሌሎች ጋር በልታለች? ጭምብሏን አውልቃለች? መልሱ ቀድሞ ተሞልቷል፦ «በራሷ ግድየለሽነት አውልቃለች።»

«ፈርሚ፣ ቪዮሪካ። የሞተ አይመለስም። ስማችንን አታስጠፊው።»

«ልጆቿስ? እናታችሁ በዝርክርክነቷ ሞተች ሊባሉ ነው?»

«አንቺም እኮ ሰው ደብድበሻል። ክሱን ያፈንኩልሽ እኔ ነኝ፤ አትርሺ!»

ጠረጴዛውን ገለበጥኩበት። ሸሚዙን ጨምድጄ ከግድግዳው ጋር አጣበቅሁት፤ ለእኛ ያልደረሰንን ዓይነት ጠንካራ ጭምብሉንም ቁልቁል ሳብኩት። ያኔ ሳል ተናነቀኝ። ሦስት ቀን ደብቄው ስሠራ የሰነበትኩት ሳል ነው፤ እኔ ብቀር የሚተካኝ አልነበረም። ፊቱ ከፊቴ ስንዝር አይርቅም። ዓይኑ ሲርበደበድ አየሁ። ስማራንዳ፣ ልስልበት ፈልጌ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ፈልጌ ነበር። ግን ለቀቅሁትና ወደ ግድግዳው ዞሬ ሳልኩ።

ከዚያ ከቅጹ ጀርባ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ፤ የእሳት ማጥፊያውንም ሳልደብቅ። አሥራ አንድ ነርሶች ፈረሙበት። ትናንት የሠራተኛ ማኅበሩ ጠበቃ ወስዶታል። ዶክተሩ ይጮሃል አሉ፤ ይጩህ።

አንድ ነገር አደራ፦ ለቬታ ልጅ ለአንካ ደውይላትና ይህን ደብዳቤ አንብቢላት። አንዲት ቃል አትዝለዪ።

አንቺ አትምጪ፤ መንገዱም ዝግ ነው። እኔን እዚሁ ሆስፒታላችን አስተኝተው በደንብ ይዘውኛል፤ ትንፋሽ እንዲቀለኝ በሆዴ የሚያስተኙኝ ልጆች ራሴ ያስተማርኳቸው ናቸው። ነገ ጠዋት ለጥቂት ቀን እንቅልፍ ሰጥተው መሣሪያው እንዲተነፍስልኝ ሊያደርጉ ነው። ማረፍ ነው፤ ሌላ አይደለም። ከሃያ ዓመት ወዲህ ጠግቤ ተኝቼ አላውቅም።

የወጣሽበት በር በሰላም ያስገባሽ። ክፉ ዓይን አይይሽ። በወለድኩሽ ቀን የተደሰትኩትን ያህል በምንም ተደስቼ አላውቅም፤ ነግሬሽ ስለማላውቅ ነው።

እናትሽ ቪዮሪካ