የቅጠሉ ኖራ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፤

የአላህ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? የላክናው ከተማ ብርድስ ገባ? እኔ በሕይወት አለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትሳቂ። እዚህ ካንፑር ከተማ፣ ልጄ ዘንድ፣ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ፊደል ቆጥሬያለሁ። እስከ ዛሬ ደብዳቤዬን የምትጽፊልኝ አንቺ ነበርሽ፤ ይህን ግን በአንቺ እጅ ማጻፍ አይሆንም።

የዛሬ ሦስት ዓመት ያንን የካልሲየም ምርመራ ሳደርግ ያረፍኩት አንቺ ቤት ነበር። የኩላሊቱ ጠጠርና የአጥንቱ ሕመም ሲያሰቃየኝ ዶክተር ሺሪን ያለችው ትዝ ይልሻል። ሳምንት ሙሉ ከወተት፣ ከእርጎና ከአይብ እንድርቅ፤ ከዚያ በባዶ ሆዴ ሽንቴን እንድሰጥ፤ ካልሲየሙን በጥብጠው ሲያጠጡኝም ሽንትና ደም እንደገና እንድሰጥ። ጥፋቱ የአንጀቴ ከሆነ በምግብ መጠንቀቅ ነበር፤ አንገቴ ውስጥ ያለችው ትንሽ ዕጢ ከሆነች ግን አውጥተው ሊገላግሉኝ ነበር። ከዳንኩ ልጄ ሙዛፈር ወደ እሱ ሊወስደኝ አስቦ ነበር። ባልሽን ከቀበርን ያኔ ዓመት አልሞላንም።

እርጎውን ከፊቴ አነሳሽ። ጎረቤትሽ የወተት ጣፋጭ ይዛልኝ ስትመጣ ከበር መለስሻት። እኔም ሰው አለኝ ብዬ ኮራሁ። ከሰዓት ላይ ግን ሁሌ የምናኝከውን የፓን ቅጠል ዘርግተሽ፣ ነጩን ኖራ ቀብተሽ፣ ጠቅልለሽ ታጎርሺኝ ነበር። ዛሬስ ኖራው በዛ፣ ምላሴን አቃጠለኝ ስልሽ ሳቅሽብኝ።

«ቅጠል በልታ ወተት የምታደርገው ላም ናት፤ አንቺ ምን ያስፈራሻል?» አልሽኝ።

እኔም አብሬሽ ሳቅሁ። ፓንን ከምግብ የሚቆጥር ማን አለ?

ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሯ ግራ ገባት። በመጨረሻ ከሚበሉት ነው አለችኝ። ወተት እርም ብዬ አንቺው ቤት ቀረሁ። እንግዳ ሲጠይቅሽ የእህቴ በሽታ ሆዳምነት ነው እያልሽ ታስቂ ነበር። አጥንቴ ግን ሲሳሳ ከረመ፤ አንድ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ዳሌዬ ተሰበረ፣ ልጄም መጥቶ ወሰደኝ።

እዚህ ምርመራውን ደገሙልኝ። ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ ፓን ያኝካሉ ወይ አለኝ፤ ኖራ ራሱ ካልሲየም ነው ብሎ ከለከለኝ። ካልሲየሙን ስጠጣ ዝም ማለት የነበረባት የአንገቴ ዕጢ አልተኛ አለች። ጥፋቱ የእሷ ነበር፤ ያኔም የእሷው ነበር።

ስልክ አስደውዬ ዶክተር ሺሪንን ስለ ኖራው ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ወቀስኳት። 

«እናቴ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ እርስዎ ሊመዘኑ ሲገቡ ለእህትዎ ነግሬያቸዋለሁ። አደራ ኖራውን እንዳይቀምሱ ብያለሁ» አለችኝ።

ሙዛፈር ምን አለችሽ ሲለኝ፣ አክስትህ ረስታው ነው አልኩት። ጣፋጩን ከበር መመለስ ያልረሳሽው አንቺ።

ድኜ ወደ ልጄ እንዳልሄድብሽ ፈርተሽ ከነበረ፣ አንድ ቀን እንኳ ቅሪልኝ አላልሽኝም።

ሐሙስ አንገቴን ይከፍቱታል። በሴቶቹ ክፍል ወንድ አስታማሚ አያሳድሩም፤ ምራቴ አራስ ናት። ነርሷ አስታማሚሽ ማን ናት ስትለኝ ያንቺን ስም ሰጠኋት። ይቅር አልኩሽ ማለት አይደለም። ረቡዕ በባቡር ነይ። ራስጌዬ አትቀመጪ፤ ከግርጌ፣ ዓይኔ በሚያይሽ በኩል ሁኚ።

አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ የባልሽንም ነፍስ ይማርልሽ።

ታላቅ እህትሽ