ሦስት ጊዜ ተጠርቼ

ለምወድሽ እህቴ ለጆዲ፣

እንደምን አለሽልኝ? ባሕሩስ እንዴት ይዞሻል? ባለፈው የጻፍሽልኝ ሳል ለቀቀሽ ወይ? መርከቡ ላይ እንቅልፍ ይወስድሻል? እኛ ደህና ነን። አባባ ወገቡን ያመዋል እንጂ የጭነት መኪናውን መንዳት አልተወም። አያታችንም ከአልጋ ተነስተው በረንዳ ላይ መቀመጥ ጀምረዋል። እኔ ግን ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለኝ።

ትናንት ማኅበራችን እንደ ወትሮው የጥንት ነገሥታት ዘመን ልብስ ለብሶ የበጋውን ግብር አበላ። ዘንድሮ በሰይፍ ግጥሚያው አሸንፎ የነገሠው ያ ጥርስ ሐኪሙ ነው፤ ዘውዱ ትንሽ ይሰፋዋል። እኔ እንደ ልማዴ ከመጋረጃው ጀርባ ሳህን ማጠቢያው ጋ ነበርኩ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ያንቺንም ገንዳ የያዝኩት እኔ ነኝ። እዚያ ማንም አያየኝም።

ጠዋት ስገባ የወጥ ቤቱ አዛዣችን ሚስ ኦፓል፣ "አንቺ ልጅ፣ ዛሬስ ንጹሕ ሽርጥ አድርጊ" አሉኝ። ዱዌን ስጋውን እየቆረጠ፣ "ይተዉአት እንጂ፣ ድስት ለማጠብ ማን ይሞሸራል?" ብሎ ጠቀሳቸው። ሁለቱም ሳቁ። ተሸላሚው አስቀድሞ አይነገረውምና ምንም አልጠረጠርኩም።

ከምግብ በኋላ ንጉሡ ሽልማት ሊሰጥ ዙፋኑ ላይ ተቀመጠ። ሚስ ኦፓል፣ "ነይ እንጂ አንቺም" ቢሉኝ "ድስቱን ልጨርስ" ብዬ ቀረሁ። ወዲያው አዋጅ ነጋሪው ላውል፣ "በነጻ ላገለገለች የናስ ጭልፋ ይሰጣል! የወንዝ ዳሯ አቬሊን ትቅረብ!" አለ። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ አንቺ ያወጣሽልኝ የማኅበር ስሜ ነው። ደግሞ ጠራ። ሦስተኛም ጠራ።

ሰማሁ ጆዲ። ሦስቱንም ሰማሁ።

የተጠራ ሰው የሚወደው ሰው ክንዱን ይዞት እንጂ ብቻውን ወደ ዙፋኑ አይሄድም። አንቺ ጭልፋሽን ስትቀበዪ ክንድሽን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ቀሚስሽን ረግጬው ልትወድቂ ስትዪ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አንቺም ሳቅሽ። ስንመለስ፣ "ያንቺ ቀን ሲደርስ እኔ ነኝ የምይዝሽ" አልሽኝ። ትናንት ዞር ብዬ ወደ ጎኔ ባይ ያለው ሳህን ማድረቂያው ብቻ ነው። እጄን ከውሃው ሳላወጣ ቆምኩ። በመጨረሻ ላውል፣ "የለችም" አለና ወደ ሌላ ሰው አለፈ።

ሚስ ኦፓል እየተጣደፉ መጡ። "የት ነበርሽ? ሰውዬው ጉሮሮው እስኪደርቅ ጠራሽ እኮ!" አሉኝ። "ውሃው ሲጮህ አልሰማሁም" አልኳቸው። ቧንቧውን አዩት፤ ተዘግቷል። ፎጣ አነሱና ሳህን ማድረቅ ጀመሩ። ኋላ ዱዌን እንደነገረኝ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እንድሸለም ስለ እኔ ለዙፋኑ ሲጽፉ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ አፌ ምግብ አልቀመሰም። ስንለያይ ሚስ ኦፓል፣ "በመኸር ግብር እንደገና ትጠሪያለሽ። ያን ቀን ቧንቧውን እኔ እጠብቀዋለሁ" አሉኝ።

ላውል ያው ፖስተኛችን አይደል? ይህንንም ደብዳቤ ነገ የሚወስደው እሱ ነው። ዓይኑን እንዴት አድርጌ እንደማየው አላውቅም።

የመኸሩ ግብር ኦክቶበር ስምንት ነው። ፈቃድ ታገኚ ይሆን? የማትመጪ ከሆነ "እሞክራለሁ" ብለሽ አትጻፊልኝ፤ አልመጣም በይኝ። ያን ጊዜ ሚስ ኦፓል ክንዴን እንዲይዙኝ እለምናቸዋለሁ። እሳቸውም እስካሁን "እኔ ልያዝሽ" ያላሉኝ አንቺን እየጠበቁልኝ ይመስለኛል።

አባባ "በርቺ በያት" ብሏል። አያታችን ሁለቱን ጉንጭሽን ይስማሉ። ውሻችን ባክስተር አሁንም የሚተኛው አንቺ ክፍል በር ላይ ነው። ለአልጋ ጎረቤትሽ ለሬናታም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ታናሽሽ ሊኔት

ኤልም ፎርድ፣ ካንሳስ
እሑድ፣ ጁን 12 ቀን 2016