ልጅቷ ራሷ እስክትጠይቅ ድረስ ስለሚቆየው ፊደል

ክብርት ርዕሰ መምህርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ድምፅን ከፍ አድርጎ መናገር ለተከለከለበት ጸጥተኛ ኮሪደርዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በምድር ቤቱ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የምሠራው ሴትዮ ነኝ። ስሜን ላያውቁት ይችላሉ፤ የልጆቹን ትንንሽ ሽርጦች፣ የእጅ ፎጣዎችና ምንጣፎች ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት አጥቤና ተኩሼ ወደ ላይ የምልከው ግን እኔ ነኝ። የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ በመሆኔም ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት የልጅ ልጄን፣ ሁላችንም ሚጢጢ የምንላትን፣ ተቀብለውልኛል። ይህን ውለታ አልዘነጋሁም። ባለፈው ሳምንት በላኩልኝ ወረቀት ላይ ሁለት ቦታ ስላስታወሱኝ፣ ልዘንጋ ብል እንኳ አይሆንልኝም ነበር።

ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ልሰጥዎት ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ ሦስቱንም ጊዜ ልጆችን እየተመለከቱ እንደሆነ ስለነገረችኝ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን በሚጠብቁበት ቦታ ባለው ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። በዚያ ሲያልፉ ምናልባት እኔንም ይመለከቱኝ ይሆናል።

ወረቀትዎ እንደሚለው፣ ሐሙስ ዕለት መምህራኑ ተቀምጠው ስለ ሚጢጢ ይወስናሉ። ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሊሆናት ስለሆነ ከትንንሾቹ ጋር መቆየት አትችልም፤ ለንባብ ዝግጁነት ስላላሳየች ደግሞ ወደ ትልልቆቹ ክፍል አታልፍም፤ ስለዚህ ለእርሷ የሚስማማ ሌላ ተቋም እንድፈልግ ይመክሩኛል። ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት ወስጃት ነበር። መዝጋቢው መጽሐፍ ሰጥቶ አንብቢ አላት። ሚጢጢ መጽሐፉን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ አቧራውን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ መልሳ ሰጠችው። መዝጋቢው ለራሱ ሳቀና ማንበብ የማትችል የስድስት ዓመት ልጅ አንቀበልም አለኝ። እናቷ፣ ልጄ፣ በረጅም መንገድ አውቶቡስ ላይ ስለምትሠራ የምታያት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ይህን እስካሁን አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ እንደምነግራትም አላውቅም።

አሁን ምስጋናዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ጠረጴዛ ማጠብ ትምህርት እንደሆነ ያሳወቁኝ እርስዎ ነዎት። እኔ ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ የሰው ጠረጴዛ ሳጥብ፣ ትምህርት ላይ መሆኔን የነገረኝ አንድም ሰው አልነበረም። ሚጢጢ ግን ልጅ ራሱ በመረጠው ሥራ ይማራል በሚለው በሞንቴሶሪ ዘዴያችሁ ታጥባለች። ሽርጧን ታስራለች፣ ሳፋዋን ታመጣለች፣ ውኃውን በጆግ ጠብ ሳታደርግ ትቀዳለች፣ ከግራ ወደ ቀኝ በስፖንጅ እያዞረች ታሻለች፣ ትወለውላለች፣ ዕቃውን ወደ ቦታው ትመልሳለች፣ ከዚያም እንደገና ትጀምራለች። የክፍሏ መምህርት በማስታወሻ ደብተሯ ላይ «አርባ ደቂቃ በጥልቅ ተመስጦ» ብላ ጽፋ አሳይታኛለች። ሁለት ዓመት ተኩል በጥልቅ ተመስጦ ከታጠበ በኋላ ጠረጴዛው ቀለሙን ጨርሷል። ልጅቷ ፊደል አልጀመረችም።

ሁለተኛ። ስለ ወላጆች ስብሰባም አመሰግናለሁ፤ ሻዩም ጥሩ ነበር። መሐንዲሱ አባት ልጃቸው ለቁጥር በምትሰጧቸው ወርቃማ ዶቃዎች ሺህና ሺህ እንደሚደምር አወሩ። መድኃኒት ቤት ያላቸው እናት ልጃቸው ውኃ ራሴ ካልቀዳሁ እያለ የወጥ ቤታቸውን ወለል ባሕር እንዳደረገው ሲናገሩ ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ እኒሁ እናት ወደ እኔ ዞረው «የእርስዎስ እማማ?» አሉኝ። «የእኔማ ታጥባለች» አልኩ። «ታድለው! ቤት ታግዝዎታለቻ!» አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው፣ በክፋት አላሉትም። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የእርሳቸው ልጅ ጠረጴዛ ቢያጥብ አንድ ቀን ለወግ ይተርከዋል፤ የእኔዋ ብታጥብ ግን እንጀራዋ ሆኖ ይቀራል። ይህን ልነግራቸው ፈልጌ ሻዩን ጠጣሁ።

በዚያው ቀን መምህርቷን ፊደል መቼ እንደምትጀምር ጠየቅኋት። ለልጆቹ እንደምታደርገው በወንበሬ አጠገብ ተንበርክካ፣ በዝግታ፣ «እማማ፣ እኛ ልጅን እንከተላለን እንጂ አንጎትትም። ፊደሎቹ መደርደሪያው ላይ ናቸው። ራሷ ስትጠይቅ እናሳያታለን» አለችኝ። ስድሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ለእኔ የተንበረከከ ሰው ስላልነበረ ግራ ገባኝ።

ሦስተኛው ምስጋና አይደለም፤ የራሴ ጥፋት ነው። ያለ ምንም ሽሙጥ ነው የምጽፈው። የመጀመሪያው ቀን በር ላይ የሚጢጢን ኮሌታ እያስተካከልኩ፣ «የሰው ዕቃ እንዳትነኪ። ስጡኝ እንዳትዪ። የማጠቢያ ዕቃ ከሆነ ግን ማንም አይከለክልሽም» አልኳት። እናቴ ለመጀመሪያዋ እመቤቴ ስታስረክበኝ ያለችኝ ይህንኑ ነበር፤ እኔም ለልጄ ብያታለሁ፤ ሰው ቤት ለሚገባ ልጅ ሌላ ምክር አላውቅም። ካልጠየቁ የማይሰጥበት ቤት በዓለም ላይ ይኖራል ብዬ በምን ልጠርጥር?

ባለፈው ወር ፎጣ አብረን ስናጥፍ ነው የገባኝ። ከብርጭቆ ወረቀት የተቆረጡትን ሻካራ ፊደሎች ለምን እንደማትጠይቅ ስጠይቃት፣ «አያቴ፣ የሰው ናቸው እኮ» አለችኝ። ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ፣ በእንጨት ሳጥን ውስጥ፣ በአረንጓዴ ሰሌዳ ላይ እንደተለጠፉ ነገረችኝ። ሌሎቹ ልጆች ጣታቸውን ሲያስኬዱባቸው ከሩቅ እያየች ስንት እንደሆኑ ሁሉ ቆጥራለች። ክፍሉ ውስጥ አራት ጠረጴዛዎች አሉ፤ እርሷ በየቀኑ የምታጥበው ከዚያ መደርደሪያ አጠገብ ያለውን ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ የተመሰጠችው በምን እንደነበር የመምህርቷ ደብተር ላይ አልተጻፈም።

አራተኛ። ስሕተቴን ለማረም ወዲያው ሞከርኩ። «ጠይቂ፣ ይሰጡሻል» አልኳት፤ ብዙ ቀን ፈራች። ከሁለት ሳምንት በፊት ሰኞ ዕለት እጆቿን አጣምራ መምህርቷ ፊት ቆማ ፊደሎቹን ማየት እንደምትፈልግ ተናገረች። መምህርቷም «ራስሽ ፈልገሽ ነው?» አለቻት። ልጅቷ ውሸት አላስተማርኳትምና «አያቴ ጠይቂ ብላኝ ነው» አለች። መምህርቷ ፈገግ ብላ፣ እጇን ይዛ፣ ወደ ጠረጴዛው መለሰቻት። በወረቀትዎ ላይ ከደብተሩ የጠቀሱት ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ጥያቄው ከውጭ የመጣ ነው፤ ፍላጎቱ የልጅቷ አይደለም።» ክብርት ሆይ፣ ይህችን አንዲት መስመር በቃሌ ይዣታለሁ። ካውያውን ሳሞቅ እንኳ ከንፈሬ ላይ ትመጣለች።

አምስተኛ፣ ራስሽ ለምን አላስተማርሻትም ይሉኝ ይሆናል። ስትመዘገብ ወላጅ በቤት ውስጥ ፊደል እንዳያስጀምር፣ ዘዴውን እንዳያበላሽ የሚል ውል አስፈርመውኛል። አንብቤ ነው የፈረምኩት። አንብቦ መፈረም ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ከዚህ በፊት ሆቴል ውስጥ ልብስ ሳጥብ አንድ ቀን ወረቀት አቅርበውልኝ አሻራዬን አኑሬ ነበር፤ በማግስቱ በር ላይ ያለው ዘበኛ አላስገባኝም። ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ፣ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ፣ በዕድሜ ልጆቼ በሚሆኑ ሰዎች መካከል ተቀምጬ ነው። የወረቀቱን ግልባጭ አስቀምጬው ስለነበር ማንበብ ስችል አወጣሁት። «በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን ለቅቄያለሁ» ይላል። እንግዲህ የእኔ የመማር ፍላጎት ከውስጥ ይምጣ ከውጭ፣ መምህርቷ በደብተሯ ብትወስንልኝ ደስ ይለኛል። የፈረምኩትን ቃል ግን ጠብቄያለሁ፤ ልጅቷ አጠገቤ ተቀምጣ ሳነብ እንኳ መጽሐፉን አዘነብል ነበር፣ እንዳታይብኝ።

ስለዚህ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ሐሙስ ከመድረሱ በፊት አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ጣቷን ይዞ በአንዱ ሻካራ ፊደል ላይ ያስኪድላት። ከዚያ በኋላ የማትፈልግ ከሆነ በሰላም እወስዳታለሁ፣ ሽርጦቹንም እንደ ወትሮው ተኩሼ እልካለሁ። ካባረራችኋት ግን የምትገባበት በር የለም። ከእኔ ጋር ምድር ቤት ትወርዳለች፤ እዚያ ደግሞ ማጠብን አሳምራ ስለተማረች ማንም ዝግጁ አይደለሽም አይላትም። እባክዎ፣ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ፣ ይህን አያድርጉብኝ።

ለልጆች ነፃነት የሚደክሙበት ዕድሜዎ ይርዘም እያልኩ፣ ከቢሮዎ በታች ሁለት ፎቅ ወርጄ፣ በእንፋሎቱ መካከል ቆሜ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኛዋ፣ የሚጢጢ አያት
(በገዛ እጄ የተፈረመ)

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ዛሬ ማክሰኞ ጠዋት፣ ይህን ደብዳቤ መተኰሻው ጠረጴዛ ላይ በንጹሕ ስገለብጥ፣ ሚጢጢ የያዘችውን ፎጣ አስቀምጣ መጣችና «አያቴ፣ ይሄ ምን ይላል?» አለችኝ። ጠይቂ ያላት ማንም የለም፤ እንደ ደንባችሁ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቤያለሁ። ውሌን አፈረስኩ። ጣቷን ይዤ በመጀመሪያው ቃል ላይ አስኬድኩላት፤ ቀለሙ ገና ስላልደረቀ ተዝረክርኳልና ይቅርታ ይደረግልኝ። ቃሉ «ክብርት» እንደሆነ ነገርኳት፤ ሦስት ጊዜ ደጋግማ አለችው። ለምን እንዲህ ብዬ እንደጠራሁዎት ስትጠይቀኝ ግን፣ በትምህርት ቤታችሁ ዘዴ መሠረት፣ ራሷ እንድትደርስበት ተውኳት።